«ዋናው መትረፍህ ነው»

ቤትዎ ውስጥ ካንሰርን ታክሞ የዳነ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ከሌለም ያንብቡት፤ ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው አይጠፋምና። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት የሃያ ሁለት ዓመት የትዳር ጓደኛዬን አፍ በሦስት ቃላት ዘግቼ ስለነበር ነው። ሦስቱ ቃላት «ዋናው መትረፍህ ነው» የሚሉ ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባለቤቴ ምላሱ ጎን ትንሽ ቁስል ወጣችበት። ጥርሱ እየቧጨረው መስሎን ጥርሱን አስሞረደ፤ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠም ከረመ። ቁስሏ ግን በመዳን ፈንታ ጠርዟ እየጠነከረ ሄደ። ሦስት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል «ይተወኛል» ተብሎ እንደማይጠበቅ ያን ጊዜ አላወቅንም። እኛ ሁለት ወር ጠበቅን። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የምላስ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ጥር ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከምላሱ የተወሰነው ክፍል ወጣ። የምላስ ካንሰር ቀድሞ የሚዘምተው ወደ አንገት ዕጢዎች ስለሆነ፣ በሁለቱም የአንገቱ ጎኖች ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች አብረው ተለቀሙ። ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምናው በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ጥሩ እንደሆነ ተነገረን። የወረፋው ርዝመት ይህን ስላልፈቀደ ቪትዝ መኪናችንን ሸጠን፣ አሜሪካ ያለችው እህቱም ጨምራልን ወደ ሕንድ ሄድን። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት፣ በጠቅላላው 30 ጊዜ ጨረር ወሰደ። ሚያዝያ ላይ ስንመለስ 14 ኪሎ ቀንሷል፤ የአንገቱ ቆዳ ጠቁሮ ተልጧል፤ ምራቁ ደርቋል። ቢሆንም ካንሰሩ ጠፍቷል።

ስለዚህ ሐምሌ ላይ ፊቱ «መሙላት» ሲጀምር ቤተሰቡ እልል ማለት ብቻ ነው የቀረው። አማቴ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው «አሁን ሰው መሰልክልኝ፣ ልጄ» አሉ። የዕድራችን ሰዎች ሲጠይቁት «ወፈርክ እኮ፣ ተመስገን ነው!» ይሉታል። እርስዎም ያውቁታል፤ በእኛ አገር ከበሽታ ለተነሣ ሰው «ወፈርክ» ከማለት የሚበልጥ ምርቃት የለም። እኔም አጥሚቱና የዶሮ ሾርባው ሠራ ብዬ በልቤ ኮርቼ ነበር።

ሚዛኑ ግን ያው ነበር። ትከሻውና እጆቹ እንደከሱ ናቸው፤ የሞላው ከመንጋጋው በታች ያለው ብቻ ነው። አገጩ ሥር እንደ ትንሽ ትራስ የለሰለሰ ነገር ተንጠለጠለ። ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ሁሉ እስከ ከንፈሩ አብጦ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል። ይህን የጠዋትና የማታ ልዩነት በየቀኑ አየው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ የባንክ ሠራተኛ ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ከረባት አስሮ ከቤት ሲወጣ ነው የማውቀው። በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ የእህቴ ልጅ ልትዳር፣ እኔ የሐበሻ ቀሚሴን ስተኩስ እሱ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ይታገላል። ቁጥር 40 ነበር የሚለብሰው፤ 42 ገዝቼለትም የላይኛው ቁልፍ እምቢ አለ። ዞር ብሎ «አንቺ፣ ይሄ አንገት እኮ የእኔ አይመስለኝም» አለኝ። እኔ ካውያዬን ሳላቆም መለስኩለት፦ «ተው እንግዲህ! ዋናው መትረፍህ ነው። አብረውህ ጨረር ሲወስዱ የነበሩትን አስባቸው እስቲ።»

ከረባቱን መልሶ ሰቀለው። ቁልፉን ክፍት አድርጎ፣ ኮት ደርቦ፣ ሠርጉ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አንገቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ከፋ ብዬ አልተናገርኩትም፤ ላጽናናው ነበር። እርስዎም ለሰው ብለውት ይሆናል፣ ያውም ከልብዎ። ግን ይህ ንግግር የሚሰማው ሰው ጋ ሲደርስ «ከዚህ በኋላ አታማር» ሆኖ እንደሚደርስ አላወቅሁም ነበር።

ዝምታው ቀስ በቀስ ሌላውንም ነገር ያዘ። ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ተወ፤ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ቆይቼ» ይላል። በኋላ ወጥ ያራሰው እንጀራ ይዞ ለብቻው ይቀመጣል። ትንሹ ልጃችን ሊያጎርሰው ሲዘረጋ ፊቱን ያዞራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነጠላውን እስከ አፉ ድረስ ይከናነባል። እኔ ምራቁ ስለደረቀ ነው፣ ጸባዩም ስለተለወጠ ነው አልኩ።

ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ሳሎን ስገባ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለ ተኝቶ አገኘሁት።

«ምነው እዚህ?»

«ስጋደም ጉሮሮዬን የሚያንቀኝ ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ? ዋናው መትረፌ አይደል?»

ሊወጋኝ ብሎ አልነበረም የተናገረው። አምኖበት ነው። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ሄድን። ሁለታችንም በሆዳችን የያዝነውን ፍርሃት እርስዎም ይገምቱታል፤ ካንሰሩ የተመለሰ ነበር የመሰለን። ሐኪሙም መጀመሪያ የፈተሹት እሱኑ ነው። አንገቱን በእጃቸው ዳሰሱ፤ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብተው ጉሮሮውን አዩ፤ ሲቲ ስካን አዘዙ። የደም ምርመራም ነበረው፤ አንገት ላይ ያረፈ ጨረር የእንቅርት ዕጢን ሊያደክም ስለሚችልና የዕጢው መድከም ራሱ ፊት ስለሚያሳብጥ ነው። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የእብጠቱን ስም ነገሩን፦ ሊምፍኤዴማ።

እንደገባኝ ላስረዳዎት። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ ሁለተኛ የቱቦ መረብ አለ። ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋችን መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ እየሰበሰበ ወደ ደም የሚመልስ ነው። ፈሳሹ ሊምፍ ይባላል። በመንገዱ ላይ ከ600 በላይ ማጣሪያ ዕጢዎች አሉ፤ እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ውስጥ አብጠው «ንፍፊት ወጣብኝ» የሚያሰኙን እነሱ ናቸው። ከእነዚህ ዕጢዎች ሲሶ ያህሉ ያሉት ራስና አንገት ላይ ነው። የባለቤቴ የአንገት ዕጢዎች በቢላ ወጡ፤ የተረፉትን ቱቦዎች ደግሞ ጨረሩ አጠጠራቸው። ሕይወቱን ያዳነው ሕክምና የፊቱን ፍሳሽ መውጫ ዘጋበት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ይህን መረዳት አይከብደንም። የመንገድ ሥራ መጥቶ የሰፈሩን ቦይ ሲደፍነው በክረምት ውሃው የት እንደሚገባ እናውቃለን፤ የሚገባው ዝቅ ያለው ሰው ግቢ ነው። የፊት ዝቅተኛው ግቢ አገጭ ሥር ነው። ቀን ስንቆምና ስንቀመጥ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌሊት ስንጋደም ግን እዚያው ይተኛል። የጠዋቱ እብጠት ምክንያቱ ይህ ነው። እብጠቱ በውጭ ብቻም አይቀርም፤ ምላስን፣ ጉሮሮንና የድምፅ ሳጥንን ከውስጥ ሊይዝ ይችላል። ባለቤቴ ገበታ የሸሸው፣ ሶፋ ላይ የተኛው በዚሁ ምክንያት ነበር።

በነገራችን ላይ በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደጋማው አካባቢ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የኖሩ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ሕመም የዚሁ የቱቦ መረብ ጉዳት ነው። እግር ሲያብጥ እናውቀዋለን። ፊት ላይ ሲመጣ ግን «ወፈርክ» እንለዋለን።

አሁን ስላጠፋነው ልናገር፤ እርስዎ እንዳይደግሙት። ስሙን ከማወቃችን በፊት አንድ ወዳጃችን ባዘዙለት ምክር ባለቤቴ በድብቅ ውሃ የሚያሸና ክኒን ሲውጥ ነበር። በዚህ እብጠት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፕሮቲን የበዛበት ነው፤ ክኒኑ ውሃውን ቢያስወጣም ፕሮቲኑ ስለሚቀር ውሃውን መልሶ ይስባል። ትርፉ አፉን ይበልጥ ማድረቅ ሆነ። አማቴ ደግሞ በቅቤ የሚያሽ ጎበዝ ወጌሻ አግኝተው ነበር። ሐኪሙ ሲሰሙ በሁለት እጃቸው ከለከሉ። ጨረር ያረፈበት አንገት በኃይል አይታሽም፤ ትኩስ ነገርም አይደረግበትም።

ትክክለኛው እሽት ማሸት ለመባል እንኳ አይበቃም። ኤሚል ቮደር የሚባሉ ዴንማርካዊ ከባለቤታቸው ጋር በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የጀመሩት ዘዴ ነው። እኛ ያገኘነው በሁለት መንገድ ነው፤ ከአንዲት ፊዚዮቴራፒስትና ሜሪላንድ ነርስ ከሆነችው እህቱ። እህቱ ሆስፒታሏ ውስጥ ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎችን እየጠየቀች በቪዲዮ ታሳየን ነበር። ቆዳውን የሕፃን ጉንጭ እንደ መዳበስ በለሆሳስ ወደሚፈለገው አቅጣጫ መሳብ ነው እንጂ ሥጋውን መጫን የለም። ቅደም ተከተሉም ያስደንቃል። ከፊት አይጀመርም። መጀመሪያ በሆድ በጥልቀት መተንፈስ፣ ቀጥሎ ብብት፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ አንገት፣ በመጨረሻ ፊት። የታችኛው ቦይ ሳይከፈት የላይኛው ውሃ የት ይሄዳል?

በዚያ ላይ አገጭ ሥር የሚውል ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ማሰሪያ ታዘዘለት። ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት በአናቱ ዞሮ ይታሰራል፤ አንገትን ግን ፈጽሞ አያንቅም። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረግን። ምላጭ ትቶ በማሽን መላጨት ጀመረ፤ እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ ትንሽ ጭረት ለጀርም በር ትከፍታለችና። ቆዳው ድንገት ቀልቶ ቢሞቅና ቢያተኩሰው ሳናድር ሐኪም ጋ እንድንሮጥ፣ ትንፋሹ እየተጮኸ ቢያጥረው ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድንገባ ተነገረን።

እኔም የልብስ ስፌት ሜትሬን አወጣሁ። በየሳምንቱ እሑድ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ አንገቱን ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስንጀምር 43 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በአራት ወር 42 ሆነ። ቆዳው ለስለስ አለ። ከዚያ ግን ቆመ። አልጋው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል፤ ቀሪውን ሌሊት አሁንም ሶፋው ላይ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የሰማነው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሕንድ ካሉት ሐኪሞቹ ጋር በስልክ የክትትል ቀጠሮ ሲያደርግ ነው። «በየካቲት ለምርመራ ስትመጣ የረቂቅ ቀዶ ሕክምና ባለሙያችን ይይህ» አሉት። ሊምፉን ከደም ሥር ጋር የሚያገናኝ ሥራ እንዳለ ነገሩን።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አማቴ «ለመልክ ብላችሁ ያን አንገት እንደገና ልታስቀድዱት?» ብለው አለቀሱ። እኔም ውስጤ ገንዘቡን ያሰላል፤ ዕቁቤ በዚያው ወር ወጥቶልኝ ለኮንዶሚኒየሙ ክፍያ አስቤው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጃችን «አባዬን ማንም ጠይቆታል?» አለች። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። እሱ ስለ ኮሌታውም ስለ ከረባቱም አላነሣም። «ተጋድሜ መተኛት እፈልጋለሁ» አለ። የዕቁቡ ገንዘብ ለዚያ ዋለ።

ቼናይ ስንደርስ እንደ ድሮው ሙቀቱ ተቀበለን፤ ከሆቴላችን እስከ ሆስፒታሉ የምንመላለሰው የእኛኑ ሰፈር ባጃጅ በመሰለች ባለ ሦስት እግር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ቢላ ሳያነሡ ሥዕል አነሡ። አገጩና ጉንጩ ላይ ከቆዳው ሥር ጥቂት አረንጓዴ ቀለም ወጉት፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍተው የተለየ ካሜራ ደቀኑበት። በስክሪኑ ላይ የባለቤቴ ሊምፍ እያበራ ታየ። ጤናማ ሲሆን እንደ ክር ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት አሉን። እሱ ላይ አገጩ ሥር እንደ ጭጋግ ተበትኗል። ግን ከጭጋጉ ጫፍ፣ መንጋጋው ሥር፣ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። «እነዚህ በሕይወት ያሉ ናቸው። የምንሠራው በእነሱ ነው» አሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያዩ ገና የሚሠራውን የሊምፍ ቱቦ አጠገቡ ካለች ትንሽ ደም መላሽ ሥር ጋር ይሰፉታል። ፈሳሹ የተዘጋውን መንገድ ትቶ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ የተደፈነውን የሰፈር ቦይ ከዋናው መንገድ ቱቦ ጋር እንደ ማገናኘት ማለት ነው። በ1977 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አውስትራሊያዊው ሐኪም በርናርድ ኦብራየን ይህን በማይክሮስኮፕ መሥራታቸውን ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ። ከዚያ ጃፓናዊው ኢሳኦ ኮሺማ ከ0.8 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ሥሮችን እስከ መስፋት አደረሱት። ክሩ ከጠጉር በብዙ ይቀጥናል። ቀዳዳው ግን ትንሽ ነው፤ የባለቤቴ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በሆኑ ሁለት ቀዳዶች ነው የተሠራው።

ሌሎች አማራጮችም ተነግረውናል፤ ለእርስዎ ሰው የሚስማማው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ልጻፋቸው። አንደኛው ከራሱ ከሰውየው ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከብሽሽት ወይም ከብብት፣ ጤናማ የሊምፍ ዕጢዎችን ከነደም ሥራቸው አምጥቶ አንገት ላይ መትከል ነው። ይህ ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕጢ የተወሰደበት ቦታም በተራው እንዳያብጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው አገጭ ሥር የተከማቸውን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ነው። ሊምፍ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ እብጠቱ ፈሳሽ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ስብና ጠጣር ሥጋ ይከማችበታል። ያን ጊዜ ቦይ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ የደለለውን መጥረግ ያስፈልጋል። መምጠጡ ግን ቅርጹን ያስተካክላል እንጂ የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም።

እዚህ ላይ ሐኪሙ የነገሩን ነገር ልቤን ወጋው። ሊምፍን ከደም ሥር ማገናኘት የሚጠቅመው ቱቦዎቹ ፈጽመው ሳይጠጥሩ፣ እብጠቱ ገና ሲጫኑት የሚሰረጉድ ፈሳሽ ሳለ ነው። «ቀደም ብላችሁ መታየት ብትጀምሩ ኖሮ ከሦስት መስመር በላይ እናገኝ ይሆን ነበር» አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን ካውያዬን ይዤ የቆምኩባትን የጥር ጠዋት አየሁ።

ሐኪሙ ተስፋውንም ልክ ሰጡት። ለራስና ለአንገት የዚህ ቀዶ ሕክምና ልምድ ለክንድና ለእግር ካለው ያነሰ ነው። ካንሰሩ አለመመለሱ በደንብ ሳይረጋገጥ አይሠራም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ የተሰፋችው መገናኛም ልትዘጋ ትችላለች። እሽቱንና ማሰሪያውን አይተካም። ስለ ጉሮሮው ውስጣዊ እብጠት ደግሞ ቃል አልገቡልንም። ባለቤቴ ሁሉንም ሰምቶ ፈረመ።

ከማደንዘዣው እስኪነቃ አምስት ሰዓት ያህል ውጭ ጠበቅሁ። ሦስቱም መስመሮች ተገናኝተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ሆቴል ወጣን። ፊቱ የባሰ አብጦ ነበር፤ ከቁስሉ ስለሆነ እንደሚወርድ አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ እብድ ነበርኩ። እሽቱን የምንቀጥልበትን ቀን እነሱ ወሰኑልን።

እዚህ ላይ፣ አንባቢዬ፣ ድንቅ ነገር እየጠበቁ ከሆነ አዝናለሁ። ለውጡ በየዕለቱ የሚታይ አልነበረም፤ ደብተሬ ግን ያሳያል። የመጀመሪያው ወር 43። ሦስተኛው ወር 42። ስድስተኛው ወር 41 ተኩል። በዓመቱ 41። ወደ ድሮው 40 አልተመለሰም፤ ይመለሳል ብለንም አንጠብቅም። ድምፁ አሁንም ወፈር ያለ ነው፤ እንጀራው አሁንም መራስ አለበት። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ እሽቱን ይሠራል። ግን የጠዋቱ እብጠት ድሮ እስከ ከሰዓት ይቆይ የነበረው አሁን ቁርስ ሳይነሣ ይወርዳል። በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ስነቃ አጠገቤ ነበር፤ በሁለት ትራስ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ለቀዶ ሕክምናው ይሁን ለእሽቱ ወይስ ለሁለቱም፣ ሐኪሞቹም ለያይተው አይናገሩም። እኔ ግን ማንኮራፋቱን እስኪነጋ ሳዳምጥ ቆየሁ።

ኮሌታውም ቢሆን አልቀረም። ቁጥር 42 ሸሚዝ የላይኛው ቁልፉ ይገባል፤ ከረባቱን አላልቶ ያስራል።

ሁሉም ቤተሰብ ሕንድ መሄድ እንደማይችል አውቃለሁ። እኛም መኪናችንንና ዕቁባችንን ከፍለን ነው። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገርዎ። ጠዋትና ማታ የፊቱን ልዩነት ይዩ፤ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለሐኪሙ ያሳዩ። በየሳምንቱ በሜትር ይለኩ። «ወፈረ» ከማለትዎ በፊት ሚዛን ላይ ያውጡት። ካንሰሩ እንዳልተመለሰና የእንቅርት ዕጢው እንዳልደከመ ያስመርምሩ። ከዚያ «ይህ ሊምፍኤዴማ ነው ወይ? እሽቱን የሚያስተምረን ማን ነው?» ብለው በስሙ ይጠይቁ። ብዙውን ሥራ የሚሠራው የሠለጠነ እጅ ያስተማረው የራስ እጅ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ለአንዳንዱ የሚሆን፣ ለአንዳንዱ የማይሆን ተጨማሪ በር ነው። በሩ ግን ዘወትር ክፍት አይቆይም፤ ቀደም ብሎ የጠየቀ የተሻለ ዕድል አለው።

ቀደም ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ታማሚው መናገር አለበት። እንዲናገር የምናደርገው ወይም የምናስቀረው እኛ ነን።

በቀደም አማቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ ጡቷን በካንሰር ምክንያት ያስወጣች አንዲት ዘመዳችን እጇን እያሻሸች «ቀለበቴ አልገባ አለኝ» አለች። አንዷ አክስት «ኧረ ተይ፣ ዋናው መትረፍሽ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ባለቤቴ ቀደማት። ወንበሩን ወደ ዘመዳችን ሳብ አድርጎ፣ በዚያ ወፈር ባለ ድምፁ፣ «እስቲ አሳዪኝ፣ ጠዋት ነው ማታ የሚብስሽ?» አላት።

እኔ በዚያች የጥር ጠዋት ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ይህንኑ ነው።